ኬቮርክ ናልባንዲያን፦ ትብብር ያፈራው የሙዚቃ ቅርስ

ኬቮርክ ናልባንዲያን በኦቶማን ግዛት፣ በአይንታብ የተወለዱ አርመናዊ የሙዚቃ ሊቅ ነበሩ። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ካገኟቸው፣ ከዘር ጭፍጨፋ ከተረፉ 40 ወላጅ አልባ ወጣቶች ጋር መሪያቸው ሆነው አዲስ አበባ ገቡ። “አርባ ልጆች” የተባሉት ወጣቶች የነሐስ መሣሪያ ጨዋታን ይዘው መጡ፤ የአማርኛው ቅኔ ግን የአገሬው ነበር። ናልባንዲያን ሁለቱን አገናኙ፤ ዜማውን ደረሱ፣ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉ። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማው ይህ ብሔራዊ መዝሙር እስከ አብዮቱ ዘመን ዘለቀ። የወጣቶቹ ባንድ እንዳለ ባይቆይም፣ ናልባንዲያን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠናቸውን ቀጠሉ። ስለሆነም የባህል ፕሮጀክት ፋይዳ በቡድኑ ዕድሜ ብቻ ሊለካ አይገባም፤ ለተተኪዎች ያስተላለፈው ዕውቀትም አብሮ ሊመዘን ይገባል።