ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስና የስማቸው ትርጓሜ

መጋቢት 5 ቀን የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕረፍት የሚታሰብበት ዕለት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጻድቁ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ሁሉ ይታሰባሉ፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ግን ከሌሎቹ ይልቅ በደመቀ ሁኔታ የሚከበሩ ናቸው። ምእመናን በአጭሩ አቦ፣ በፍቅርም አቡዬ እያሉ ይጠሯቸዋል። ሙሉ ስማቸው ሦስት ቃላትና ዐሥር ፊደላት ያሉት ነው። በዛሬው ዝግጅታችን የጻድቁን ሕይወት ስናወሳ ስማቸውንም አብረን እንመለከታለን፤ አንዱ የሌላው ትርጓሜ ነውና።

ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ የተወለዱት በግብፅ አገር ንሂሳ በተባለ ስፍራ ነው። አባታቸው ስምዖን፣ እናታቸው አቅሌስያ ይባሉ ነበር። እነዚህ ደጋግ ባልና ሚስት ልጅ ሳያገኙ ብዙ ዘመን ኖረው፣ በጸሎትና በምጽዋት ጸንተው ሲለምኑ ከቆዩ በኋላ ልመናቸው ተሰማ። ጻድቁ መጋቢት 29 ቀን ተፀንሰው ታኅሣሥ 29 ቀን ተወለዱ። ሁለቱም ዕለታት ቤተ ክርስቲያን የጌታችንን ፅንሰትና ልደት የምታስብባቸው ናቸው። ገና ሕፃን ሳሉም መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ከወላጆቻቸው ወስዶ አባ ዘመደ ብርሃን ወደሚባሉ አባት ገዳም እንዳደረሳቸው፣ በዚያም በምንኩስና ሥርዓት እንዳደጉ ገድሉ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ጻድቁ ወደ በረሃ ወጡ። ምግብ አልተመገቡም፤ ልብስም አልለበሱም፤ ገላቸውን የሸፈነው የገዛ ጠጉራቸው ነበር። 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ይከተሏቸው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በምናየው ሥዕላቸው ጻድቁ ጠጉር እንደ ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን ለጸሎት ዘርግተው፣ አንበሶችና ነብሮች በግራ በቀኝ ከብበዋቸው፣ ውኃ የጠማት ወፍም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ትውፊቱ ወደ ኢትዮጵያ መምጣታቸውን ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። በአገራችን ከስማቸው ጋር አብረው የሚነሡት ሁለት ታላላቅ ስፍራዎች በጉራጌ ሶዶ የሚገኘው ምድረ ከብድና ከቢሾፍቱ በስተደቡብ የሚታየው የዝቋላ ተራራ ናቸው። ዝቋላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው፣ እሳተ ገሞራው ከጠፋ ብዙ ዘመን ያለፈው ተራራ ሲሆን፣ በጫፉ ላይ ሐይቅ ይገኛል። ጻድቁ በዚህ ሐይቅ ውስጥ ራሳቸውን ወደ ታች አድርገው ለ100 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት እንደለመኑ ገድሉ ይተርካል። የሥርየት ቃል ካልሰሙ በቀር ከውኃው ላለመውጣት ጸንተው ነበር። በገድሉ አቆጣጠር በግብፅ 300፣ በኢትዮጵያ 262፣ በድምሩ 562 ዓመት ከኖሩ በኋላ መጋቢት 5 ቀን ዐረፉ። ዛሬም በየዓመቱ በጥቅምትና በመጋቢት ብዙ ሺህ ምእመናን ወደ ዝቋላና ወደ ምድረ ከብድ ይጓዛሉ።

እንግዲህ ወደ ስማቸው እንመለስ። ገብር በግእዝ አገልጋይ ማለት ነው። የቃሉ መጨረሻ ከሳድስ ወደ ግእዝ ተለውጦ ገብረ ሲባል ግን ቃሉ ብቻውን አይቆምም፤ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይናበባል። ስለዚህ ገብረ ያለ ሰው የማን አገልጋይ እንደሆነ ገና አልተናገረም። መንፈስ ቅዱስ የሚለው ሲጨመር ስሙ ይሞላል፤ የመንፈስ ቅዱስ አገልጋይ ማለት ይሆናል። ጻድቁም ዘመናቸውን ሁሉ በአገልግሎት ፈጸሙ። ቤት አልሠሩም፤ ርስት አልያዙም፤ በዝቋላ ሐይቅ የለመኑትም ለራሳቸው ሳይሆን ለሌላው ነው።

ሕዝቡ ይህን ረጅም ስም በየዕለቱ ለመጥራት ሲፈልግ ያደረገው ነገር ማስተዋል የሚገባው ነው። ከስሙ አንዱን ቃል ቆርጦ ገብረ ብቻ አላለም። አባት የሚል ሌላ ቃል አምጥቶ አቦ አላቸው እንጂ። ዐሥሩ ፊደል ሳይነካ በቤተ መቅደስ ተጠበቀ፤ ሁለቱ ፊደል በመንገድና በቤት የሚጠራ ሆነ።

ከአንድ በላይ ቃል ያለው እንዲህ ያለ ስም የጻድቃን ብቻ አይደለም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ካህኑ የሚሰጠው የክርስትና ስም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ሥርዓት የተሠራ ነው፤ ገብረ እግዚአብሔር፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ተክለ ሃይማኖት የመሳሰለው። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጉዘን፣ ቦንጋን አልፈን ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ሺሺንዳ ብንደርስ፣ በካፋ ምድር የሚኖር ክርስቲያን ቤተሰብም ልጁን ሲያስጠምቅ የሚቀበለው ይህንኑ የግእዝ ስም ነው። በቤት የሚነገረው ካፊኖኖ ሊሆን ይችላል፤ ለልጁ የወጣለት የቤት ስምም በዚያው ቋንቋ ይሆናል። በክርስትና ስሙ ግን የሺሺንዳው ልጅ ከትግራዩና ከጎንደሩ ልጅ ጋር ሞክሼ ሆኖ ይገኛል።

የክርስትና ስም በአደባባይ ሲገለጥም ታይቷል። ንጉሥ ተፈሪ መኮንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ዘውድ ሲጭኑ የነገሡበት ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም በጥምቀት የተቀበሉት ነው። በአብዛኛው ቤት ግን ይህ ስም በየዕለቱ አይጠራም፤ ለጸሎትና ለንስሐ ተጠብቆ ይኖራል። በመጨረሻም በጸሎተ ፍትሐት ካህናት የሞተውን ሰው የሚያስቡት በዚሁ ስም ነው። በዚያ ሰዓት የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው ሲታጣ፣ በሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ የክርስትና አባቱን ወይም አሮጊት አክስቱን ፍለጋ ሰው ሲልክ ማየት በብዙ መንደር የተለመደ ነው።

ስሙን በየዕለቱ የሚጠራበት ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። የመጠይቅ ቅጽ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም የሚጻፍባቸው ሦስት ቦታዎች አሉት። ገብረ መንፈስ ቅዱስ ተብሎ ለያይቶ ቢጻፍ ሦስቱም ቦታ በአንድ ሰው ስም ይሞላል፤ አባትና አያት ሳይጻፉ ይቀራሉ፤ ሰውየውም ገብረ ተብሎ ይመዘገባል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች መንፈስ ወይም ቅዱስ በአባትነት ሊቆጠርላቸው የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው። በጽሕፈት ማሳጠርም የራሱ ጣጣ አለው። ወ/ማርያም ተብሎ ሲጻፍ ወልደ ይሁን ወለተ፣ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ተ/ማርያምም ተክለ ወይም ተስፋ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች ቃላቱን አጋጥመው ገብረመንፈስቅዱስ ብለው መጻፍ የመረጡት ስማቸው እንዳይከፈል ነው። ለዐይን ቢረዝምም ትርጉሙን ይጠብቃል።

ስለዚህ በበዓሉ ዕለት ቤተሰብ ተሰብስቦ ጠበል ጻድቁን ሲቀምስ፣ ወላጆች የየልጆቻቸውን የክርስትና ስም ሙሉውን፣ ከተጠመቁበት ቀንና ከክርስትና አባት ወይም እናት ስም ጋር በቤት መጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ውስጥ ቢጽፉ መልካም ነው። ለልጆቻቸውም ትርጉሙን ቢነግሩ፣ ልጆቹ ከማን ጋር ተዛምደው እንደተጠሩ እያወቁ ያድጋሉ። ሽማግሌዎችም የራሳቸውንና የሟች ዘመዶቻቸውን የክርስትና ስም ሳይረሱት ዛሬውኑ ቢያስጽፉ፣ ነገ ለልጅ ልጆቻቸው ከፍለጋ ያድኗቸዋል።