ውሉ ላይ የትኛው ስም ይጻፍ?

 

ቻይና ካለ ዕቃ አቅራቢ ወይም አውሮፓ ካለ ደንበኛ ጋር ሥራ የጀመራችሁ ይህ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ሰውየው ስማችሁን መጥራት ያቅተዋል፤ ለአፉ የሚቀል ሌላ ስም ሊያወጣላችሁ ይፈልጋል። እሺ ብትሉ ከራሳችሁ አንድ ነገር የቆረሳችሁ ይመስላችኋል፤ እምቢ ብትሉ ሥራው ገና ሳይጀመር ሊበላሽ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ሶሓባ ከ1400 ዓመት በፊት በንግድ ውል ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለታል፤ ያውም ስሙን ያወጡለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ ቁረይሾች፣ ከበኑ ዙህራ ጎሳ ነው። በጃሂሊያ ጊዜ ስሙ ዐብድ ዐምር፣ የዐምር ባሪያ ነበር። በአቡበክር (ረ.ዐ) ሰበብ ቀድመው ከሰለሙት አንዱ ሲሆን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዐብዱረሕማን፣ የአር-ረሕማን ባሪያ ብለው ሰየሙት። በ615 ወደ ሐበሻ በተሰደደው የመጀመሪያው ቡድን ውስጥም አለ። ቋንቋውም ሃይማኖቱም ሌላ በሆነ ሕዝብ መሐል፣ እዚሁ እኛ አገር፣ እንግድነትን ቀምሷል ማለት ነው።

ወደ መዲና ሲሰደድ ንብረቱ መካ ቀረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲናው ሀብታም ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ የሀብቱን ግማሽ ሊያካፍለው፣ ከሁለት ሚስቶቹም አንዷን ፈትቶ ሊድርለት ፈለገ። ዐብዱረሕማን በቤተሰቡም በሀብቱም በረካ እንዲሆንለት ዱዓ አደረገለትና ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሲነገር ሠርቶ ስለ መብላት ብቻ ይነገራል። እስቲ የሄደበትን ገበያ ተመልከቱት። የበኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ነው፣ የአይሁድ ጎሳ ገበያ። የከተማው ሰው በአብዛኛው ተምር አብቃይ ገበሬ ነው። መካ የሲራራ ነጋዴዎች ከተማ ስለሆነች ነገሯ ሁሉ ወርቅና ብር በሚዛን ነው፤ መዲና ደግሞ ተምርና እህል በሷዕ የሚሰፈርባት አገር ናት። ልዩነቱ እጅግ የታወቀ ከመሆኑ የተነሳ በሐዲሥ ሚዛን ሲሆን የመካ፣ ስፍር ሲሆን የመዲና መለኪያ እንዲሆን ተደርጓል። አንዱ ከተማ የሌላውን አላጠፋም፤ ሁለቱም በየቦታቸው ጸኑ።

ትልቅ ነጋዴ የነበረ ሰው በዚህ ገበያ በመጀመሪያው ቀን ያተረፈው ምን መሰላችሁ? ጥቂት ደረቅ አይብና ቅቤ። በማግስቱም ሄደ፤ ከዚያም በኋላ በየማለዳው ሄደ። እኔ እንደሚመስለኝ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። አይብና ቅቤ የማያውቅ ቤት የለም፤ ስለ ዕቃው ማስረዳት አያስፈልግም። ሰውየውን ግን ገበያው በየቀኑ እያየ ይለምደዋል፣ እሱም የገበያውን አነጋገርና አሰፋፈር ይለምዳል። ብዙም ሳይቆይ ልብሱ ላይ የሙሽራ ሽቶ ምልክት ታየ። የተምር ፍሬ የሚመዝን ወርቅ መህር ሰጥቶ የአንሷር ሴት አግብቶ ነበር፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) አንድ በግም ቢሆን አርዶ እንዲደግስ ነገሩት።

አሁን ወደ ውሉ እንመለስ። መካ ውስጥ የቀረው ንብረት ጠባቂ ያስፈልገዋል። የድሮ ወዳጁ ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ ደግሞ መዲና ውስጥ የሚጠበቅለት ነገር አለው። ኡመያ ሙሽሪክ ነው፤ ቢላልን (ረ.ዐ) በጠራራ ፀሐይ ደረቱ ላይ ድንጋይ እየጫነ ያሰቃየው ሰው ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሊጠብቅ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ዐብዱረሕማን ስሙን ሲጽፍ ኡመያ አር-ረሕማን የሚባለውን እንደማያውቅ ገልጾ የድሮ ስሙ እንዲጻፍለት ጠየቀ። በቡኻሪ ዘገባ መሠረት ዐብዱረሕማን ዐብድ ዐምር ብሎ ጻፈ። ኢብኑ ኢስሐቅ እንደሚተርከው ደግሞ ኡመያ በድሮ ስሙ ሲጠራው መልስ አይሰጥም ነበር፤ በመጨረሻ ዐብዱል ኢላህ፣ የአምላክ ባሪያ በሚል ተስማሙ። ለሁለቱም አፍ የሚስማማ ቃል!

ፈጥናችሁ አትፍረዱበት። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ በሑደይቢያ የቁረይሽ መልእክተኛ እዚያው ቃል ላይ ቆሞ አር-ረሕማን አይጻፍ ሲል፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቁረይሾች በሚያውቁት አጻጻፍ እንዲጀመር ፈቅደዋል፤ መልእክተኛነታቸው ተነሥቶ የአባታቸው ስም እንዲገባም ተስማምተዋል። ወረቀቱ የሚጻፈው ሌላው ወገን አንብቦ እንዲታሰርበት ነው። ዐብዱረሕማንም ቢሆን ከውሉ ማግስት መዲና ውስጥ ያው ዐብዱረሕማን ነበር።

ከባዱ ነገር የመጣው ኋላ ነው፣ በበድር ቀን። ቁረይሽ ተሸንፎ ሲበተን ዐብዱረሕማን ኡመያን ከነልጁ ሊያተርፍ ይዞት ወጣ። ቢላል አየው። ያን ሰው ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅታችሁም፤ ኡመያ ከዳነ እሱ እንደማይድን እየጮኸ አንሷሮችን ጠራ። ተከተሏቸው። መጀመሪያ ልጁ ተገደለ። ኡመያ ከባድ ሰው ስለነበር መሮጥ አልቻለም። ዐብዱረሕማን አንበርክኮት በገዛ አካሉ ተደፋበት፤ እነሱ ግን ሰይፋቸውን ከሥር እየላኩ ገደሉት። አንደኛው ሰይፍ የዐብዱረሕማንን እግር አቆሰለ።

ማን ትክክል ነበር ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ቢላል የተቃጠለ ጀርባ ነበረው፣ ዐብዱረሕማን የሰጠው ቃል። እኔ በመሐላቸው ገብቼ ለመፍረድ አልደፍርም። የሚታወቀው ዐብዱረሕማን ኋላ ላይ ይህን ሲያወራ ለቢላል የአላህን እዝነት እየለመነ ማውራቱ ነው።

በ6ኛው ዓመት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥምጣሙን በእጃቸው አስረውለት ወደ ሻም በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው የገበያ ከተማ፣ ወደ ዱመተል ጀንደል ላኩት። ነዋሪዎቹ የከልብ ጎሳ ሰዎች፣ አለቃቸው አስበግም ክርስቲያን ነበሩ። ሦስት ቀን አብሯቸው ተቀምጦ አነጋገራቸው፤ አስበግ ሰለመ፣ ዐብዱረሕማንም ልጁን ቱማዲርን አገባ። የመዲናው ታላቅ ዓሊም አቡ ሰለማ ከዚህ ጋብቻ ተወለደ።

ሀብቱ እጅግ በዛ። አንድ መሬት በ40 ሺህ ዲናር ሸጦ ለዘመዶቹ፣ ለድሆችና ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባልተቤቶች ማከፋፈሉ ተዘግቧል። በ32 ዓመተ ሂጅራ ሞቶ በቂዕ ተቀበረ። ልጁ ኢብራሂም እንዳስተላለፈው፣ አባቱ እግሩን ገልጦ ያን የበድር ጠባሳ ለልጆቹ ያሳያቸው ነበር።