ቴሬዛ ዘአቪላ የተወችውን ጸሎት እንደ ገና እንደ ጀመረች

ቴሬዛ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1515 ዓመት በእስፓንያ አገር በአቪላ ከተማ ተወለደች። አባትዋ አሎንሶ መልካም መጻሕፍትን የሚወድ ሰው ነበረ። በ1535 ከአባትዋ ቤት ወጥታ በዚያው ከተማ ወዳለው የቀርሜሎስ ደናግል ገዳም ገባች። ጥቂት ዘመንም ሳትቆይ ጽኑ ደዌ ያዛት። ለሕክምና ስትሄድም አጎትዋ ፍራንሲስኮ ዘኦሱና የሚባል መነኵሴ ስለ ኅሊና ጸሎት የጻፈውን መጽሐፍ ሰጣት። የኅሊና ጸሎት የሚባለው ሰው ብቻውን በጸጥታ ተቀምጦ ልቡን ወደ እግዚአብሔር የሚያቀርብበት ነው። ቴሬዛም ይህን በደስታ ጀመረች።

በ1539 በነሐሴ ወር አራት ቀን ያህል እንደ በድን ሆና ስለ ቆየች መቃብርዋ ተቆፍሮ ነበር። ከዚያም ነቅታ ሦስት ዓመት በሚያህል ጊዜ ሰውነትዋ ሽባ ሆኖ በትዕግሥት ተኛች። የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ በአልጋ ላይ ሳለች ያልተወችውን ጸሎት በእግርዋ መሄድ ከቻለች በኋላ ተወችው።

ገዳሙ ከመቶ የሚበልጡ መነኮሳት ያሉበት፥ እንግዳም የሚበዛበት ስፍራ ነበር። ቴሬዛም ንግግርዋ የሚጣፍጥ ስለ ሆነ ወዳጆችዋ በዙ፤ ቀኑም በጨዋታ ያልፍ ጀመር። ከዚያ በኋላ ብቻዋን በእግዚአብሔር ፊት ለመቀመጥ አፈረች። እንደ እኔ ያለች ደካማ ከእርሱ ጋር በወዳጅነት ልትነጋገር አይገባትም፤ እንደ ብዙዎቹ በአፌ ብቻ ብጸልይ ይሻለኛል ብላ አሰበች። ይህም ትሕትና መስሎ ታያት። ነገር ግን ሕመምተኛ ከዳንሁ በኋላ ወደ ሐኪም እሄዳለሁ ቢል ማን ትሑት ይለዋል? ዓመት ወይም ከዓመት የሚበልጥ ጊዜ እንዲህ ሆና ቆየች።

ከሁሉ ይልቅ የከፋው የአባትዋ ነገር ነው። ይህን ጸሎት ለአሎንሶ ያስተማረችው እርስዋ ነበረች፤ እርሱም እጅግ ገፍቶበት ነበር። ሊጠይቃት በመጣ ጊዜ መተዋን አልሸሸገችውም፤ ምክንያቱን ግን በሕመም አመካኘች። ሕመሙ ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የተወችው ስለ እርሱ አይደለም። አባትዋም አምኖ አዘነላት። ከዚያ ወዲያ ሲመጣ ብዙ አይቀመጥም፤ ጊዜው በከንቱ የሚያልፍ ይመስለው ነበርና።

አሎንሶ በ1543 በታኅሣሥ ወር ሞተ፤ እርስዋም አስታመመችው። በዚያም ወራት ለአባትዋ ንስሐ አባት፥ ቪሴንቴ ባሮን ለሚባለው የዶመኒካውያን መነኵሴ፥ የልብዋን ሁሉ ገለጠችለት። እርሱም ጸሎቱን ዳግመኛ እንድትጀምርና ከቶ እንዳትተወው መከራት። ቴሬዛም ጀመረች፤ እስከ ሞተችም ድረስ አልተወችውም።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉ ቀለላት ብለህ አታስብ። በኋላ ስለ ሕይወትዋ በጻፈችው መጽሐፍ እንደ ገለጠችው፥ ብዙ ዓመት ወደ ጸሎት ቤት ስትገባ ኀዘን ይይዛት ነበር። የወሰነችው አንድ ሰዓት እስኪያልቅ ትቸኵል፥ የደወሉንም ድምፅ በጆሮዋ ትጠባበቅ ነበር። ራስዋን ግድ ብላ የገባችበት ቀን ግን ወድዳ ከገባችበት ቀን ይልቅ ብዙ ጊዜ ሰላም ይሰጣት ነበር። አሳብዋም እንዳይበተን ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል፥ ከቍርባን በኋላ ካልሆነ በቀር፥ ያለ መጽሐፍ ለመጸለይ አልደፈረችም። አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ታነባለች፤ አንዳንድ ጊዜም መጽሐፉን መግለጥ ብቻ ይበቃታል። ሜዳና ውሃ አበባም ማየት እንደ መጽሐፍ ይሆንላት ነበር።

በ1562 በአቪላ በቅዱስ ዮሴፍ ስም ታናሽ ገዳም አቆመች። በዚያም እኅቶች ጧት አንድ ሰዓት፥ ማታም አንድ ሰዓት በኅሊና ጸሎት እንዲቀመጡ ሥርዓት ሠራች። አሳባቸው የሚበተንባቸውም በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈ መልካም መጽሐፍ ይዘው እንዲጀምሩ መከረቻቸው።