ዜማው የቤተ ክርስቲያን፣ ግጥሙ የወዛደሩ

ስለ ጆ ሂል ስናነሳ በቅድሚያ ልንገነዘበው የሚገባ አንድ ሐቅ አለ። ይህ የወዛደሩ ባለቅኔ በሕይወት ሳለ አንድም ሸክላ አላስቀረጸም። ዘፈኖቹ እስከ ዘመናችን የደረሱት በሌሎች አንደበት ነው።

ጆ ሂል በ1879 በስዊድን፣ በየቭሌ ከተማ ተወለደ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቱ በሥራ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሲሞት፣ ልጁ ገና በጨቅላነቱ ወደ ገመድ ፋብሪካ ገባ። እናቱ ባረፈችበት በ1902 ከወንድሙ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ከከተማ ከተማ እየተንከራተተ ጉልበቱን ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ1910 ገደማ፣ ሙያ፣ ቀለምና ዜግነት ሳይለይ ጭቁኑን ሁሉ ያቅፍ የነበረውን የዓለም የኢንዱስትሪ ሠራተኞች ማኅበር ተቀላቀለ።

በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ተናጋሪዎች በየመንገዱ ማዕዘን ቆመው ሠራተኛውን ሲቀሰቅሱ፣ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የሃይማኖት ድርጅት በመለከትና በከበሮ ድምፃቸውን ይውጠው ነበር። ሠራተኞቹ ምን አደረጉ? የመዝሙሩን ዜማ እንዳለ ወስደው የራሳቸውን ግጥም አለበሱት! በዚህ ስልት ጆ ሂልን የሚተካከል አልተገኘም። በራሪ ጽሑፍ አንዴ ተነቦ ይጣላል፤ ዘፈን ግን በቃል ተይዞ ይደጋገማል የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ከልዩ ልዩ አገር የተሰደደው፣ ብዙም ፊደል ያልቆጠረው ሠራተኛ ዜማውን አስቀድሞ ያውቀዋልና የሚቀረው ቃላቱን ማጥናት ብቻ ነበር። ግጥሞቹም ኪስ በምትገባ፣ ቀይ ሽፋን ባላት የማኅበሩ የመዝሙር መጽሐፍ ታትመው ተሰራጩ።

በ1911 የታተመው «ሰባኪውና ባሪያው» ለተራበ ሰው ምግቡን በሰማይ ቤት የሚቀጥርለትን ሰባኪ ይሳለቅበታል። የሚሳለቀው በሚያምነው ወዛደር ላይ አለመሆኑን ልብ እንላለን። በዚያው ዓመት የሳውዘርን ፓስፊክ ምድር ባቡር ሠራተኞች አድማ ሲመቱ፣ በሕዝብ ዘፈን ጀግና የነበረውን ባቡር ነጂ ኬሲ ጆንስን አድማ ሰባሪ አድርጎ ገለበጠው። በ1912 ደግሞ በካናዳ በፍሬዘር ወንዝ አካባቢ ሐዲድ ዘርጊዎች ሲያምፁ ዘፈን ደርሶላቸዋል።

ጥር 10 ቀን 1914 በሶልት ሌክ ሲቲ አንድ ባለ ሱቅና ልጁ ተገደሉ። ጆ ሂል በዚያው ሌሊት ደረቱን በጥይት ቆስሎ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። በሴት ምክንያት በተነሳ ጠብ ከማለት በቀር ዝርዝሩን ለመናገር አሻፈረኝ አለ። መሣሪያው አልተገኘም፤ ገዳዩን በእርግጠኝነት የለየ ምስክርም አልቀረበም። ዳኞቹ ግን ሞት ፈረዱበት። ፕሬዚዳንት ዊልሰንና የስዊድን መንግሥት መልእክተኛ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ቢጠይቁም የዩታ ባለሥልጣናት ጆሮ አልሰጡም። ኅዳር 19 ቀን 1915 ተረሸነ። በ2011 ለሕዝብ የቀረበ የአንዲት ሴት የቆየ ደብዳቤ ስለ ቁስሉ የተናገረውን ይደግፋል።

በቺካጎ ቀብሩን 30,000 ያህል ሰው አጀበው። አስከሬኑ ተቃጥሎ፣ አመዱ በትናንሽ ፖስታዎች ለየአገሩ የማኅበሩ ቅርንጫፎች ተላከ።

የሚገርመው፣ ስሙን ከሁሉ አርቆ ያደረሰው ዘፈን የእርሱ ድርሰት አይደለም። አልፍሬድ ሄይስ የገጠመውን፣ ኧርል ሮቢንሰን በ1936 ዜማ የሰጠውን ይህን ዘፈን ፖል ሮብሰን በየአገሩ አዜመው፤ ጆን ባይዝም በ1969 በውድስቶክ ዘፈነችው። የራሱን ድርሰቶች አሰባስቦ በ1954 በሸክላ ያስቀረጸው ጆ ግሌዘር ደግሞ የሙዚቃ ነጋዴ ሳይሆን የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነበር።