ሐኪም ኮርኔሊየስ ቫን ዳይክ፤ የሰማይን ዕውቀት በዐረብኛ ያስተማሩ ሰው

በምዕራብ ቤይሩት፣ በብሊስ ጎዳና አጠገብ በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድ የቆየ የድንጋይ ሕንፃ አለ። በ1870ዎቹ ለሥነ ፈለክ መመልከቻነት የታነጸ ነው። ሕንፃው ሲታሰብ አብሮ የሚታሰበው የቤይሩት ሕዝብ በአክብሮት «አል-ሐኪም» ይላቸው የነበሩት ኮርኔሊየስ ቫን ዳይክ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫን ዳይክ ነሐሴ 13 ቀን 1818 በኒውዮርክ ግዛት፣ ኪንደርሁክ በተባለች ከተማ፣ ከሆላንድ ተወላጆች ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ፤ እርሳቸውም በፊላደልፊያ ሕክምና አጥንተው በ1840፣ ገና በ21 ዓመታቸው፣ የፕሮቴስታንት ሚስዮን ሐኪም ሆነው ቤይሩት ገቡ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በኦቶማን ግዛት ሥር ያለች አነስተኛ ወደብ ነበረች።

የተላኩት ለሃይማኖት ስብከት ነበር። ለዐረብኛ አንባቢ ሁሉ፣ ለሙስሊሙም ጭምር፣ ያተረፉት ግን ሌላ ነው። ከመጡበት ቀን ጀምሮ የአገሩን ቋንቋ እንደ አገሬው ለመቻል ቆርጠው ተነሡ። ከቡጥሩስ አል-ቡስታኒ ጋር የዕድሜ ልክ ወዳጅነት መሠረቱ፤ ከናሲፍ አል-ያዚጂም ተማሩ። ሦስተኛው መምህራቸው የሰይዳው ተወላጅ፣ በካይሮ አል-አዝሃር የተማሩት የፊቅህና የሰዋስው ሊቅ ሸኽ ዩሱፍ አል-አሲር ነበሩ። አንድ ሙስሊም ዓሊም ለአንድ የባዕድ አገር ክርስቲያን የቋንቋቸውን ደጃፍ ከፈቱለት፤ ተማሪውም በአዝሃር ምሩቅ ፊት ተንበርክኮ መማርን አላፈረበትም። ቫን ዳይክ ከጊዜ በኋላ በጠራ ዐረብኛ የሚናገሩና የሚጽፉ ለመሆን የበቁት በዚህ መንገድ ነው።

በ1843 በአበይህ ተራራማ መንደር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሲያስተምሩ ግን ችግር ገጠማቸው፤ ለአዲሱ ሳይንስ የሚሆን በቂ የዐረብኛ መማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። ስለዚህ ራሳቸው ይጽፉ ጀመር። ጂኦግራፊ፣ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ ኬሚስትሪ፣ የበሽታ ጥናት እያሉ አንዱን ከሌላው አስከተሉ። በ1866 የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ በ16 ተማሪዎች በቤይሩት ሲከፈትና በማግሥቱ ዓመት የሕክምና ክፍሉ ሲጀምር፣ ቫን ዳይክ ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ ሆኑ። ትምህርቱ የሚሰጠው በዐረብኛ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ልባቸውን የሳበው ሥነ ፈለክ ነው። በ1874 የታተመው የሥነ ፈለክ መጽሐፋቸው «ኢልም አል-ሐይአ» የሚለውን ጥንታዊ ስም በርዕሱ ይዟል። የሙስሊም ሊቃውንት ለዘመናት የፈለክን አቀማመጥና እንቅስቃሴ የሚያጠናውን ዕውቀት የሚጠሩት በዚህ ስም ነበር፤ የሰውን ዕጣ በከዋክብት እንገልጣለን ከሚሉት ጥንቆላ የሚለይበትም ስም ነው። ቫን ዳይክ ሳይንሱን እንደ እንግዳ ዕቃ አላቀረቡትም። ዕውቀቱ ወደ አውሮፓ ከመሻገሩ በፊት በአል-ባታኒና በአብዱረህማን አስ-ሱፊ ዘመን በዐረብኛ ሲነገር ኖሯል፤ አውሮፓውያን ዛሬም አልደባራን፣ ቬጋ፣ አልታይር የሚሏቸው ከዋክብት ስማቸው ከዐረብኛ የተወሰደ ነው። የሶላት ወቅትንና የቂብላን አቅጣጫ ለማስላት የተደከመበት ዕውቀት ወደ ቀድሞ ቤቱ መመለሱ ነበር።

ለመመልከቻው ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ብዙዎቹን በራሳቸው ገንዘብ ገዙ። በዚያም ተማሪዎቻቸው ከዋክብትን መመልከት፣ የአየሩን ሙቀትና ግፊት በየዕለቱ መመዝገብ ተማሩ። ከረዳቶቻቸው አንዱ የነበረው ፋሪስ ኒምር ከያዕቁብ ሰሩፍ ጋር በ1876 «አል-ሙቅተጠፍ» የተባለውን የሳይንስ መጽሔት በቤይሩት አቋቋመ፤ ቫን ዳይክም ደጋፊው ነበሩ።

ፈተናው የመጣው በ1882 ነው። በዚያ ዓመት የኬሚስትሪ መምህሩ ኤድዊን ሉዊስ በተማሪዎች ምረቃ ላይ ባደረጉት ንግግር ዳርዊንን በበጎ አነሡ። የኮሌጁ ኃላፊዎች ተቆጡ፤ ሉዊስም ሥራቸውን እንዲለቁ ሆነ። ቫን ዳይክ ነገሩን እንደ ግፍ ስለቆጠሩት፣ የሚወዱትን የማስተማሪያ ወንበርና በእጃቸው ያደራጁትን መመልከቻ ትተው ከኮሌጁ ወጡ። ልጃቸው ዊሊያምም ተከተላቸው። የሕክምና ተማሪዎች ትምህርት አቋረጡ፤ ከመካከላቸው ጁርጂ ዘይዳን ወደ ካይሮ ሄዶ በ1892 ስመ ጥሩውን «አል-ሂላል» መጽሔት መሠረተ። ሰሩፍና ኒምርም ብዙ ሳይቆዩ መጽሔታቸውን ይዘው ወደ ግብፅ ተሻገሩ።

በእነዚያው ዓመታት ኮሌጁ የማስተማሪያ ቋንቋውን ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ይለውጥ ነበር፤ በ1887 የሕክምና ክፍሉም ተለወጠ። ምክንያቱ መጻሕፍትና መምህራን በእንግሊዝኛ በቀላሉ መገኘታቸው ነበር። ኪሳራው ግን ቀላል አልነበረም፤ ለዐረብኛ የሳይንስ መጽሐፍ መጻፍ የሚያስገድደው አንድ ትልቅ ምክንያት ጠፋ። ቫን ዳይክ ግን ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በቤይሩት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ድሆችን እያከሙ፣ ለጀማሪዎች የሚሆኑ ተከታታይ የሳይንስ መጻሕፍትን በዐረብኛ ማዘጋጀታቸውን ቀጠሉ። በ1890 አገሩን ያገለገሉበት 50ኛ ዓመት ሲከበር የየሃይማኖቱ ሰዎች አከበሯቸው። ኅዳር 13 ቀን 1895 በቤይሩት አረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የሰማይ ጥናት እጅግ ሰፋ። በእርሳቸው ዘመን ከእኛ የከዋክብት ጭፍራ ውጭ ሌላ ስለመኖሩ ገና አልተረጋገጠም ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠይቁት፣ ጽንፈ ዓለሙ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰፋል ወይስ በአንዱ አቅጣጫ ይበልጣል፣ ጥንታዊ የመግነጢስ መስኮችስ በዚህ ላይ ምን አደረጉ የሚለውን ነው። ይህን ጥያቄ በዐረብኛም ሆነ በአማርኛ ለመጠየቅ ግን አስቀድሞ ቃላቱን የሚያበጅ ሰው ያስፈልጋል።

ቤይሩትና የዳሂያ ሰፈሮች ውስጥ ዐረብኛን በሥራ ላይ፣ በድካም የተማሩ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች አሉ። የሌላውን ቋንቋ መማር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እነርሱ ያውቁታል። የቫን ዳይክ ሕይወት የሚያስተምረው የዚህን ትዕግሥት ሌላኛውን ፍሬ ነው፤ ዕውቀት ሥር የሚሰድደው በሕዝቡ አንደበት ሲነገር ነው። ያንን ሥራ የጀመረ አንድ ሰው ቢያልፍ እንኳ፣ ያስተማራቸው ልጆች በሌላ ከተማ ይቀጥሉታል።