የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት ሰው

  በዛሬው የታዋቂ ሰዎች አምዳችን የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዘጌ ተወለዱ። የእቴጌ ጣይቱ ዘመድ ስለነበሩ ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ። ሥዕል የመሣል ተሰጥኦ ስለነበራቸውም ዐፄ ምኒልክ ጣሊያን አገር ሄደው እንዲማሩ ላኳቸው። ተመልሰው ሲመጡ ግን በቤተ መንግሥት አልተስማማቸውም። እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ።

በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ሲሆን አገሩ በሙሉ ሲዘምት እሳቸው ከጣሊያን ጎን ቆሙ። ከዚያ በኋላ ኔፕልስ በምትባል የጣሊያን ከተማ አማርኛ ያስተምሩ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱ ልብ ወለድ ታሪክ ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን ጦቢያ በሚለው ስሙ ነው የሚያውቀው። ከዚያ በፊት በአማርኛ ደብዳቤና የነገሥታት ታሪክ ይጻፍ ነበር። ተረት ደግሞ በአፍ ነበር የሚነገረው። ሰው ከልቡ አፍልቆ የጻፈው እንዲህ ያለ ረጅም ታሪክ ግን አልነበረም። ዛሬ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ልብ ወለድ የምንለው ስም እኮ ከዚሁ መጽሐፍ ርእስ ጋር አንድ ነው! እነ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ልብ ወለድ የጻፉት ከሳቸው በኋላ ነው።

መጽሐፉ ስለ መንትያ ልጆች ነው። አባታቸው በጦርነት ተማረኩ። አንድ የማያውቋቸው ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ አስለቀቃቸው። ልጁ ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ከቤት ወጥቶ ሄደ፤ እሱም ተይዞ ባሪያ ሆነ። እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ወጣች። ሴት ልጅ ጀግና የሆነችበት ታሪክ ስለሆነ እኔ በጣም ወድጄዋለሁ።

አፈወርቅ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ድሬዳዋ የጉምሩክ ኃላፊ ሆኑ። ሮም ውስጥም የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል ሆነው ሠርተዋል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሲወር ግን እንደገና ከወራሪው ጋር ሆኑ። ጣሊያኖቹም ዳኛ አድርገው አፈ ቄሳር የሚል ማዕረግ ሰጧቸው። አገራችን ነፃ ስትወጣ በግዞት ወደ ጅማ ተላኩ፤ እዚያው በ1940 ዓ.ም. አረፉ።

በክበባችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ ተከራክረን ነበር። አንዳንዱ ልጅ ባንዳ ስለሆነ በመጽሔታችን አይውጣ፣ ከወጣም አንቱ አይባል አለ። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ብንደብቅ የምንጎዳው እኛ ነን፣ ጥፋቱን ብንደብቅ ደግሞ የሞቱት አርበኞች ይጎዳሉ አልኩ። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፍኩት። አንቱ ያልኳቸው በዕድሜ ታላቅ ስለሆኑ ብቻ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ለክበባችን ስጡን።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ እሳት ዳር በአሪኛ፣ በሐመርኛ፣ በሙርሲኛ የምንሰማው ተረት አብዛኛው ገና አልተጻፈም። የመጀመሪያው ጸሐፊ ከእኛ ክፍል ሊወጣ ይችላል። ደብተርና እስክሪብቶ እንደሆነ አለን።