ሂሳብ ማወራረድ ተስኖት የታሰረው ግብር ሰብሳቢ እና ዘመን ያልሻረው መጽሐፉ

እ.ኤ.አ በ1597 በደቡባዊ ስፔን ሴቪያ ከተማ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነ ግብር ሰብሳቢ ወህኒ ወረደ። የሰበሰበውን የመንግሥት ገንዘብ በአደራ ያስቀመጠበት ነጋዴ በመክሰሩ ሂሳቡን ማወራረድ አልቻለም ነበር። ይህ ሰው ከስምንት ዓመታት በኋላ የዶን ኪሆቴን ታሪክ ለዓለም ያበረከተው ሚጌል ዴ ሰርቫንቴስ ነው።

ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ በ1547 ከማድሪድ ብዙም በማትርቀው አልካላ ዴ ኤናሬስ ተወለደ። አባቱ ቁስል በማከምና ስብራት በመጠገን የሚተዳደር፣ በዕዳ ምክንያትም ለእስር የተዳረገ ሰው ነበር። ልጁ ወታደር ሆኖ እ.ኤ.አ በ1571 ከኦቶማን መርከቦች ጋር በተካሄደው የሌፓንቶ የባህር ላይ ውጊያ ደረቱን ቆሰለ፤ ግራ እጁም ከጥቅም ውጪ ሆነ።

እ.ኤ.አ በ1575 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ በባህር ወንበዴዎች ተይዛ ወደ አልጀርስ ተወሰደ። ከታላላቅ ሹማምንት የተጻፈለትን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ስለነበር አጋቾቹ ባለጸጋ ሰው መስሏቸው የቤዛውን ገንዘብ ከፍ አደረጉበት። አራት ጊዜ ለማምለጥ ያደረገው ሙከራም አልተሳካም። እ.ኤ.አ በ1580 የሥላሴ ማህበር መነኮሳት 500 የወርቅ እስኩዶ ከፍለው አስለቀቁት።

አገሩ ሲገባ የጠበቀው ሹመት አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1587 በእንግሊዝ ላይ ለሚዘምተው የመርከብ ጦር በአንዳሉሲያ ስንዴና ዘይት እንዲሰበስብ ተመደበ። ሥራው ገበሬውንም ካህናቱንም የሚያስቀይም ስለነበር፣ የቤተ ክርስቲያን እህል ወስደሃል ተብሎ እስከ መወገዝ ደረሰ። እ.ኤ.አ በ1590 የአገልግሎት ዘመኑን ዘርዝሮ በአሜሪካ ግዛቶች ክፍት በሆነ የሥራ መደብ እንዲቀጠር ያቀረበው ማመልከቻም ውድቅ ሆነ።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ በ1605 በማድሪድ ሲታተም ደራሲው 57 ዓመቱ ነበር። ዓላማው በዘመኑ ተስፋፍተው በነበሩት የፈረሰኞች የጀብዱ ተረቶች ላይ መሳለቅ ነበር። እነዚያ ተረቶች ዛሬ ከተመራማሪዎች በቀር እምብዛም አንባቢ የላቸውም። የተሳለቀባቸው መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ በመነበብ ላይ ይገኛል።

ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ደራሲው በሰው ስህተት እየሳቀ ሰውየውን አለመናቁ ነው። የነፋስ ወፍጮን ግዙፍ ጠላት አድርጎ የሚወጋው ዶን ኪሆቴ ያስቃል፤ ይሁንና ለተበደለ ለመቆም የገባውን ቃል ስለማያጥፍ አንባቢ ያከብረዋል። ሥልጣን አገኛለሁ ብሎ የተከተለው ገበሬ ሳንቾ ፓንዛም እ.ኤ.አ በ1615 በታተመው ሁለተኛ ክፍል መኳንንት ለቀልድ አገረ ገዥ ያደርጉታል። ሁሉም ሊስቅበት ሲጠብቅ በቅን ፍርድ ያስደንቃቸዋል፤ ሥልጣኑን በፈቃዱ ሲለቅም እንደ አመጣጡ ባዶ እጁን ይሄዳል። ይህን የጻፈው የመንግሥትን ሥራ ከመሬት ጀምሮ የሚያውቅ፣ ክስና እስርን በራሱ ላይ ያየ ሰው ነው።

ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 22 ቀን 1616 በማድሪድ አረፈ። መጽሐፉ በሕይወት ሳለ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ቢተረጎምም ከድህነት አላወጣውም። በሥላሴ መነኮሳይት ገዳም የተቀበረው አጽሙ የት እንዳለ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በ2015 ተመራማሪዎች ከሌሎች አጽሞች ጋር ተቀላቅሎ ማግኘታቸውን አስታውቀዋል።

እ.ኤ.አ በ2002 በኖርዌይ በተሰበሰበ ድምጽ ከ54 አገሮች የተውጣጡ 100 ደራሲያን ዶን ኪሆቴን ከዓለም የልብ ወለድ ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚ አድርገው መርጠዋል። ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት አገልጋይ የዘመኑ ሹማምንት ያልሰጡትን ስፍራ ከአንባቢያን አግኝቷል።